የመንግሥትን መዝገብ ለማየት የሚደረግ ሙግት፤ ወጪው በማን ላይ ሊወድቅ ይገባል?

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲሉ አባቶች የተናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ያረጃል፥ ምስክር ይሞታል፥ ሹም ይለወጣል፤ መዝገብ ግን በሥርዓት ከተጠበቀ የአያትን ነገር ሳያጓድል ለልጅ ልጅ ያደርሳል። የይዞታ ድንበር፥ የግብር ልክ፥ የአገልግሎት ዘመን፥ የጡረታ መብት፥ የጨረታ ውል፥ ለሕዝብ ሥራ የተፈቀደው ገንዘብና የዋለበት ነገር፥ ይህ ሁሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተጽፎ የሚቀመጠው ለመሥሪያ ቤቱ ጌጥ እንዲሆን ሳይሆን ለሕዝቡ ጉዳይ ማስረጃ እንዲሆን ነው። ቀለሙና ወረቀቱ የተገዛው፥ ጸሐፊው ደመወዝ የተቀበለው፥ መደርደሪያው የቆመው ሕዝቡ በከፈለው ግብር ነው። ስለዚህ መዝገብ የሚጠብቀው ሹም ባለአደራ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ቅዱሳት መጻሕፍትን ለሚያውቁ ሰዎች ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። አይሁድ ከምርኮ ተመልሰው ቤተ መቅደስን በሚሠሩበት ጊዜ፥ በወንዝ ማዶ የነበረው ገዢ ተንትናይ ማን ፈቀደላችሁ ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌዎቹም ንጉሡ ቂሮስ ፈቅዶልናል ብለው መለሱ። ገዢው ነገሩ በመዝገብ ይመርመር ብሎ ወደ ንጉሡ ወደ ዳርዮስ ጻፈ፤ ንጉሡም አስመረመረ፤ የቂሮስ ትእዛዝ የተጻፈበት ጥቅልልም በሜዶን አገር በአሕምታ ከተማ ተገኘ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ ማለት ይገባል። ንጉሡ ሥራው እንዳይታገድ ማዘዙ ብቻ አልነበረም፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ወጪ ከንጉሡ ገንዘብ፥ ይኸውም ከወንዝ ማዶ ከሚገባው ግብር ሳይዘገይ እንዲሰጣቸው ወሰነ። እንዲሁም ንጉሡ አርጤክስስ እንቅልፍ ባጣባት ሌሊት የዘመኑ ታሪክ የተጻፈበት መጽሐፍ ባይነበብለት ኖሮ የመርዶክዮስ ውለታ ተረስቶ በቀረ ነበር። የተዘጋ መዝገብ እውነትን እንደሚቀብር፥ የተከፈተ መዝገብ ደግሞ የተበደለውን እንደሚያነሣ ከእነዚህ ታሪኮች ይታወቃል።

ዛሬም በብዙ አገሮች ሕዝብ የመንግሥትን መዝገብ የማየት መብት እንዳለው በሕግ ተጽፏል። በዚህ ረገድ ስዊድን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1766 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ቀዳሚ ናት። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጽ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ደንግጓል፤ በ29ኛውም አንቀጽ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ ስለ ማግኘት ተናግሯል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለውን መረጃ ማንም ሰው ጠይቆ እንዲያገኝ፥ የሚከለከለውም በሕግ ተለይቶ የተጠቀሰው ብቻ እንዲሆን ወስኗል። እንግዲህ መብቱ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የሚቀረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም መሥሪያ ቤቱ አላሳይም ያለ እንደ ሆነ፥ ጠያቂውም ወደ ዳኛ ሄዶ እውነት ከእርሱ ጋራ የተገኘች እንደ ሆነ፥ የሙግቱን ወጪና ኪሣራ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን መብቱ በሥራ ላይ መዋሉና አለመዋሉ የሚለየው በዚህ ነው። ሁለቱን ተከራካሪዎች በሚዛን አስቀምጦ መመልከት ይበቃል። መሥሪያ ቤቱ በደመወዝ የተቀጠረ ነገረ ፈጅ አለው፤ ሙግቱ አንድ ወር ቢፈጅ ወይም አምስት ዓመት ቢፈጅ የነገረ ፈጁ ደመወዝ አይቋረጥም፥ የሹሙም ኪስ አይነካም። ቀጠሮ ቢተላለፍ መሥሪያ ቤቱ የሚጐዳበት ነገር የለም፤ እንዲያውም ሊሸሸግ የታሰበው ወረቀት ተሸሽጎ ይቈይለታል። ጠያቂው ግን የዳኝነት ገንዘብ ይከፍላል፥ ለጠበቃ ይከፍላል፥ አቤቱታ ያስጽፋል፥ የማስረጃ ቅጂ ያስገለብጣል፤ ከሩቅ አገር የመጣ እንደ ሆነ ለጕዞና ለማደሪያ ያወጣል፤ በቀጠሮውም ቀን ሁሉ ሥራውን ይፈታል። አንደኛው በሰው ገንዘብ፥ ሁለተኛው በልጆቹ ቀለብ ይሟገታል።

ከዚህም በላይ አንድ ልዩነት አለ። ስለ ቤት ወይም ስለ ብድር የተሟገተ ሰው የረታ እንደ ሆነ ካገኘው ንብረት ላይ ለጠበቃው ሊከፍል ይችላል። መዝገብ ለማየት የተሟገተ ሰው ግን ቢረታ የሚያገኘው ወረቀት ነው፤ ከወረቀቱ ላይ ቈርሶ ለጠበቃው የሚሰጠው ነገር የለውም። ወረቀቱም ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ጉዳይ የሚያደርስ መንገድ ብቻ ነው። ጡረታዋ የተጓደለባት አንዲት ባልቴት የሟች ባልዋን የአገልግሎት መዝገብ በሙግት ብታገኝ፥ የጡረታውን ነገር ለመጠየቅ ገና መጀመሯ ነው። ስለዚህ ሕግ መብትን ሰጥቶ ስለ ወጪው ዝም ያለ እንደ ሆነ መብቱ ገንዘብ ላለው ብቻ የተሰጠ ይሆናል። ለድኻው አላሳይም የተባለበት ቀን ነገሩ ያለቀበት ቀን ነው፤ ይህንንም የሚያውቅ ክፉ ሹም ያለ ፍርሃት ይከለክላል።

ይህን ነገር በሥራ በመፈተን ረጅም ዘመን ካሳለፉት አገሮች አንዷ አሜሪካ ስለ ሆነች የእርስዋን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የውጭ አገር ዘመን ሁሉ የተቈጠረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። የአሜሪካ የመረጃ ነፃነት ሕግ የወጣው ጆን ሞስ የተባሉ የካሊፎርኒያ እንደራሴ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ከደከሙበት በኋላ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በጁላይ 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ፈረሙበት፤ ከአንድ ዓመትም በኋላ በሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ማንም ሰው የመንግሥትን መዝገብ እንዲጠይቅ፥ የተከለከለም እንደ ሆነ በፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲከስ ፈቀደ፤ የመከልከሉን ምክንያት የማስረዳት ሸክምም በመሥሪያ ቤቱ ላይ እንዲሆን አደረገ። ስለ ጠበቃ ገንዘብ ግን የተናገረው አልነበረም። በአሜሪካ ደግሞ የቈየው ልማድ ረቺም ተረቺም እያንዳንዱ የራሱን ጠበቃ እንዲከፍል ነው፤ ተረቺ የረቺን ወጪ ይክፈል የሚለው የእንግሊዝ ልማድ በዚያ አልጸናም። ከዚህም የተነሣ መንግሥትን ተከራክሮ የረታ ሰው ወረቀቱን ይዞ ከዕዳው ጋራ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

ይህ ጉድለት የታረመው በ1974 ዓ.ም. ነው። የዋተርጌት ነገር ከተገለጠ በኋላ ኮንግሬስ የተባለው የሕግ ምክር ቤት ሕጉን ሲያሻሽል፥ ከሳሹ በአብዛኛው የረታ እንደ ሆነ ፍርድ ቤቱ ተገቢ የሆነውን የጠበቃ ገንዘብና ሌላውንም የሙግት ወጪ መንግሥት እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል የሚል ቃል ጨመረበት። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ማሻሻያውን በኦክቶበር ወር አልቀበልም ብለው መለሱት፤ ከተቃወሙትም ነገር ዋናው ምስጢር የተባለውን ወረቀት ዳኞች እንዲመረምሩ መፈቀዱ ነበር። ሁለቱ ምክር ቤቶች ግን በኖቬምበር ወር ከሦስት ሁለት እጅ በሚበልጥ ድምፅ ሕጉን አጸኑት።

ዳኞችም ገንዘቡን ለመፍቀድ አራት ነገር እየመረመሩ ይወስናሉ። መጀመሪያ ወረቀቱ መገለጡ ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ሁለተኛ ከሳሹ በነገሩ የንግድ ትርፍ የሚያገኝበት መሆኑን፥ ሦስተኛ ወረቀቱን የፈለገበት ጕዳይ ምን እንደ ሆነ፥ አራተኛ መሥሪያ ቤቱ ለመከልከሉ በሕግ በኩል ምክንያታዊ መሠረት የነበረው መሆኑን ይመለከታሉ። በዚህ አኳኋን ለንግዱ ትርፍ የሚሟገተውና ለሕዝብ ጥቅም የሚሟገተው በአንድ ዓይን አይታዩም፤ በቅን ልብ ተሳስቶ የከለከለና ሆን ብሎ የከለከለ መሥሪያ ቤትም እኩል አይወቀሱም።

በ2001 ዓ.ም. ግን ከመዝገብ ነገር ጋራ የማይገናኝ አንድ ፍርድ ይህን ሥርዓት አናጋው። በዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት አረጋውያንና ረዳት የሚሹ ሰዎች የሚጦሩበት ባክሃነን የተባለ ቤት በክፍለ ግዛቱ ደንብ ላይ ክስ አቅርቦ ሳለ፥ ክፍለ ግዛቱ ደንቡን ራሱ ሻረው፤ ሙግቱም ያለ ፍርድ ተዘጋ። የጦር ቤቱ ጠበቆች ደንቡን ያሻረው ክሱ ነውና ወጪው ይከፈለን አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በአምስት ዳኞች ድምፅ በአራቱ ላይ፥ ፍርድ ወይም በዳኛ የጸደቀ ስምምነት የሌለው ሰው ረታ አይባልም ሲል ወሰነ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህንኑ ውሳኔ መዝገብ ለማየት በሚደረገው ሙግት ላይ አዋለው።

ከዚህ ውሳኔ የሚመጣውን ጉዳት ለመረዳት የሕግ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንድ መሥሪያ ቤት የተጠየቀውን ወረቀት ከልክሎ ሁለት ዓመት ይከራከራል፤ ጠያቂው ጠበቃ ገዝቶ፥ ገንዘቡን አፍስሶ፥ ነገሩን እስከ ፍርድ ዋዜማ ያደርሰዋል። መሥሪያ ቤቱም እንደሚረታ ባወቀ ጊዜ ወረቀቱን አውጥቶ ይሰጥና እንግዲህ የሚፈረድበት ነገር የለም ይላል። ዳኛው መዝገቡን ይዘጋል፤ ፍርድ ስላልተሰጠም ኪሣራ አይከፈልም። የመሥሪያ ቤቱ ጥፋት ከመታወቁ በፊት ተሰወረ፤ የጠያቂው ዕዳ ግን አልተሰወረም። እንዲህ ያለው ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው እውነተኛ ክስ ያለውን ሰው ነው፤ ምክንያቱም ክሱ ጠንካራ በሆነ መጠን መሥሪያ ቤቱ ከፍርድ በፊት ወረቀቱን ሰጥቶ ከኪሣራ ለማምለጥ ይቸኩላልና።

ይህም ስለ ታወቀ ኮንግሬስ እንደ ገና ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽም በዲሴምበር 31 ቀን 2007 ዓ.ም. ፈረሙበት። በዚህ ሕግ ሁለት ታላላቅ ነገሮች ተደነገጉ። አንደኛው፥ ከሳሹ በፍርድ ወይም በጽሑፍ በጸና ስምምነት ባይረታም እንኳ፥ ክሱ ከንቱ እስካልሆነ ድረስ መሥሪያ ቤቱ ሐሳቡን በገዛ ፈቃዱ ለውጦ ወረቀቱን የሰጠ እንደ ሆነ ከሳሹ እንደ ረታ ይቈጠራል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የሚከፈለው ገንዘብ መንግሥት ለፍርድ ዕዳ ሁሉ ካዘጋጀው ከጠቅላላው ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ፥ ከከልካዩ መሥሪያ ቤት ከራሱ የዓመት በጀት እንዲሆን የሚያዝ ነው።

የዚህ የሁለተኛው ድንጋጌ ጥበብ ሊታሰብበት ይገባል። ኪሣራው ከሁሉ ከሚወጣ ከአንድ ቋት ሲከፈል፥ ከልካዩ ሹም የጥፋቱን ዋጋ አያየውም፤ ወጪው በማያውቀው ሒሳብ ተጽፎ ያልፋል። ከገዛ መሥሪያ ቤቱ በጀት ሲከፈል ግን ለጠረጴዛና ለተሽከርካሪ፥ ለመዝገብ ቤት ማደሻና ለሠራተኛ ማሠልጠኛ ያሰበው ገንዘብ ሲጐድል ያያል፤ የበላይ አለቃውም ይህ ገንዘብ ምን ሆነ ብሎ ይጠይቀዋል። ሰው በገዛ እጁ ያለውን ነገር ሲያወጣ የሚጠነቀቀውን ያህል በሌላው ገንዘብ እንደማይጠነቀቅ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው።

የአሜሪካው ሥርዓትም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ጠበቃ መግዛት አቅቶት ራሱ የተከራከረ ሰው ቢረታ፥ ላወጣው የፍርድ ቤት መክፈያና ለመሰለው ወጪ እንጂ ለድካሙ የጠበቃ ገንዘብ አያገኝም። ለክሱ መክፈቻ ብቻ ከ2023 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሚጠየቀው 405 ዶላር ነው። ከሙግት በፊት ጠያቂውንና መሥሪያ ቤቱን የሚያስታርቅ ክፍል በብሔራዊው ቤተ መዛግብት ውስጥ እንዲቋቋም ያዘዘውም ይኸው የ2007 ዓ.ም. ሕግ ነው፤ ሙግትን ከመክፈል ሙግትን ማስቀረት የተሻለ ስለ ሆነ ነው።

ወጪው በጠያቂው ላይ ብቻ የሚወድቅ የሚመስለው ሰው ቢኖር የእንግሊዝን አንድ ታሪክ ይስማ። በ2005 ዓ.ም. ሮብ ኢቫንስ የተባለ የጋርዲያን ጋዜጣ ጸሐፊ፥ በዚያ ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩትና ከ2022 ዓ.ም. ወዲህ ንጉሥ የሆኑት ልዑል ቻርልስ ለሚኒስትሮች የጻፏቸው ደብዳቤዎች እንዲገለጡ ጠየቀ። ተከለከለ፤ ሙግቱም ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ተሸጋገረ። በ2012 ዓ.ም. የበላዩ ችሎት ይገለጥ ብሎ ቢፈርድ፥ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ፍርዱን በገዛ ሥልጣናቸው አገዱት። በማርች 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እገዳው ሕግ የተከተለ አይደለም ሲል ወሰነ፤ ደብዳቤዎቹም በሜይ ወር አጋማሽ ታትመው ወጡ። አሥር ዓመት በፈጀው በዚህ ክርክር የመንግሥቱ ወጪ ከ400,000 ፓውንድ በላይ ነበር። ደብዳቤዎቹ በወጡ ጊዜ መንግሥት አልፈረሰም፥ ዘውዱም አልወደቀም። ለመሸሸግ የወጣው ገንዘብ ግን የሕዝብ ገንዘብ ነበር፤ ሕዝቡ እንዳያነብ የተከራከረው ነገረ ፈጅ የተከፈለው ሊያነብ ከፈለገው ሕዝብ ኪስ ነው።

በዚህ ነገር የሚነሣው መቃወሚያም በቅንነት ሊሰማ ይገባዋል። መንግሥት የሚከፍለው ኪሣራ ከሰማይ አይወርድም፤ እርሱም የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። ደግሞም ወረቀት መጠየቅን መተዳደሪያ ያደረጉ፥ ትንሹ ጸሐፊ ቀን እስኪያሳልፍ የሚጠባበቁና ጠበቃ አቁመው ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች አይታጡም ይባላል። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት በ2002 ዓ.ም. በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፥ የረታ ጠያቂ ሁሉ ተገቢውን የጠበቃ ገንዘብ እንዲያገኝ ግዴታ አድርጋ ነበር። የከተማና የመንደር ሹማምንት ግን ይህ ከበደን ብለው አቤት ስላሉ፥ ገዢው ፊል መርፊ በጁን ወር 2024 ዓ.ም. በፈረሙበት ማሻሻያ ግዴታው ጠበበ፤ መሥሪያ ቤቱ ያለ በቂ ምክንያት የከለከለ፥ ወይም በክፉ ልብ የሠራ፥ ወይም እያወቀ ሕጉን የጣሰ ካልሆነ በቀር ማስከፈሉ ለዳኛው ፈቃድ ተተወ።

የሹማምንቱ ጩኸት ፈጽሞ ሐሰት ነው ሊባል አይቻልም። አንድ ጸሐፊ ብቻ ያላት መንደርና ሺህ ጸሐፊዎች ያሉት ሚኒስቴር በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም። ነገር ግን መድኃኒቱ በመጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ በራሱ እጅ ነው። ወረቀቱን በተወሰነው ቀን የሰጠ፥ ወይም ሊሰጥ የማይገባ እንደ ሆነ አንቀጹን ጠቅሶ ምክንያቱን በጽሑፍ የገለጠ መሥሪያ ቤት ኪሣራ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ገንዘቡም ልክ የሚወጣለት በዳኛ ነው እንጂ በጠበቃው ምኞት አይደለም፤ የተጋነነውን ዳኛው ይቀንሰዋል፥ በተንኰል የተከሰሰበትን ክስ ከነወጪው ይጥለዋል። አንዳንድ ተንኰለኛ ጠያቂ ስላለ እውነተኛውን ሁሉ በወጪ መቅጣት፥ ጥቂት እንክርዳድ ስለ ታየ ስንዴውን ሁሉ እንደ መንቀል ይቈጠራል። የአገር ጥበቃን፥ የሰውን የግል ምስጢር፥ ያላለቀ የወንጀል ምርመራን የሚመለከት ወረቀት መከልከሉም በየሕጉ የታወቀ ነው፤ እንዲህ ያለውን በሚገባ የከለከለ ሹም ተከራክሮ ይረታል፥ የረታም ኪሣራ አይከፍልም።

ወደ አገራችን በተመለስን ጊዜ ሥራው ከባዶ መሬት የሚጀመር ሆኖ አይገኝም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቍጥር 462 ስለ ሙግት ወጪና ኪሣራ ሲደነግግ፥ ማን እንዲከፍልና ምን ያህል እንዲከፍል የመወሰኑን ነገር ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን ሰጥቷል። በቍጥር 467 ጀምሮም የዳኝነት ገንዘብ ለመክፈል አቅም የሌለው ድኻ በነፃ የሚከስበትን መንገድ አሳይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183ም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውሳኔ በፍርድ ቤት የሚመረመርበትን ሥርዓት ዘርግቷል። እንግዲህ ዳኛው ኪሣራ ለማስከፈል በሩ አልተዘጋበትም። የሚቀረው ነገር፥ መዝገብ በከንቱ በተከለከለ ጊዜ ይህን ሥልጣን በተለይ ማሰብና፥ ወረቀቱ በሙግቱ መካከል የተሰጠ እንደ ሆነ ጠያቂው ያወጣው ወጪ በዝምታ እንዳይታለፍ ማድረግ ነው። ይህን ለዳኛ ፈቃድ ብቻ ከመተው በሕግ ቃል ቈርጦ መጻፍ የበለጠ ይጠቅማል፤ የአሜሪካ ሰዎች ስድስት ዓመት ያህል የተጐዱት የሕጋቸው ቃል ለትርጉም የተተወ ስለ ነበር ነው።

ከሕግ አውጪውና ከዳኛው በፊት ግን ነገሩ የሚመለከተው የየመሥሪያ ቤቱን ሹም ነው። ጥያቄ ሲቀርብለት የደረሰበትን ቀን ጽፎ ደረሰኝ ይስጥ። የሚሰጠውን ሳይዘገይ ይስጥ፤ የሚከለክለውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይንገር፤ ከወረቀቱ ከፊሉ ብቻ ምስጢር ከሆነ ከፊሉን ሸፍኖ የቀረውን ያሳይ። ነገ ተመለስ እያሉ ባለጉዳይን ደጅ ማስጠናት ከመከልከል ይብሳል፤ የተከለከለ ሰው ይግባኝ ይላል፥ ነገ የተባለ ሰው ግን የሚከስበት ቃል እንኳ የለውም። ነገረ ፈጁም መሥሪያ ቤቱ በተከሰሰ ጊዜ ሁሉ ሳይመረምር ለመከራከር አይቸኩል። አስቀድሞ ወረቀቱን ራሱ ያንብብ፤ ለመከልከል የሚያበቃ ሕግ ያላገኘ እንደ ሆነ ለአለቃው እውነቱን ይንገር። ወረቀቱን በመጀመሪያው ቀጠሮ አሳልፎ ከነወጪው መስጠት ውርደት አይደለም፤ ውርደቱ በአምስተኛው ዓመት ተገዶ መስጠት ነው። ሚኒስትሮችና የበላይ ኃላፊዎችም በየዓመቱ መሥሪያ ቤታቸው በእንዲህ ያለ ሙግት ያወጣውን ገንዘብ በሒሳብ ለይተው እንዲቀርብላቸው ቢያዝዙ፥ የከለከለው እጅ ምን ያህል እንዳስወጣ በግልጽ ይታያል።

ካህናትና ሊቃውንትም በዚህ ሥራ ድርሻ የላቸውም አይባልም። በብዙ አገር ድኻው ደብዳቤ የሚያስነብበውና አቤቱታ የሚያስጽፈው በደብሩ ባለው ማንበብና መጻፍ በሚያውቅ ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ጥያቄውን በቅን ቃል፥ የሚፈልገውን ወረቀት ለይቶ፥ ዘመኑንና የመሥሪያ ቤቱን ስም ጠቅሶ መጻፍ ትልቅ ምጽዋት ነው፤ በደንብ የተጻፈ ጥያቄ ብዙ ሙግት ያስቀራልና። መልስ ባልመጣ ጊዜም ወደ መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊና ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ከሙግት በፊት የሚሞከር፥ ወጪውም የሚቀል መንገድ መሆኑን መምከር ይገባል። ድኻው መብቱን ከመተው ወይም ያለውን ላም ሸጦ ጠበቃ ከመግዛት በፊት ይህን መንገድ ይወቅ።

ፍርድ በገንዘብ የምትሸጥ እንዳትሆን አባቶች ዳኛን በብዙ ምክር አስጠንቅቀዋል። ሹሙ መማለጃ ባይቀበልም እንኳ፥ መብቱን ለማግኘት ከሚያገኘው ጥቅም የበለጠ ገንዘብ ማውጣት የግድ የሆነበት ሰው ፍርድ ተሸጠችብኝ ቢል ሐሰተኛ ሊባል አይችልም። ለእርሱ ዋጋውን የተቀበለው ዳኛ ይሁን ወይም መንገዱ ይሁን ልዩነት የለውም፤ ገንዘቡ ሄዷል። መንግሥትም ከባለጉዳዩ የበለጠ የሚጠቀመው በእውነት መገለጥ ነው፤ መዝገቡ ሲከፈት የሠራ ሹም ይመሰገናል፥ ያጠፋ ይታረማል፥ ሐሜት መሠረት ያጣል። በተዘጋ መዝገብ ላይ ግን ቅኑና ጠማማው ሹም በአንድነት ይታማሉ።

ስለዚህ ነገሩ በአንድ ቃል ሊጠቀለል ይችላል። በሚገባ የከለከለ ሹም ይጠበቅ፤ ያለ አግባብ የከለከለ መሥሪያ ቤት ግን ወረቀቱን በፍርድ ቢሰጥም፥ በፍርድ ዋዜማ ቢሰጥም የጠያቂውን ወጪ ከገዛ በጀቱ ይክፈል። ይህ ሥርዓት የጸና እንደ ሆነ ብዙ ገንዘብ ይወጣል ተብሎ አይፈራ፤ ክፍያው የታወቀ በሆነ ጊዜ መከልከሉ ይቀንሳል፥ መከልከሉ የቀነሰ እንደ ሆነ ሙግቱ ይቀራል። ያች ባልቴትም የባልዋን መዝገብ ለማየት ከዳኛ ፊት መቆም ሳያስፈልጋት፥ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ተቀብላ ወደ ጉዳይዋ ትሄዳለች። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሹማምንት ሁሉ ይህን አስበው፥ በአደራ የተቀበሉትን መዝገብ ለባለቤቱ ሲያሳዩ ያለ ሙግትና ያለ ኪሣራ እንዲያደርጉት ተስፋ ይደረጋል።